ማርዴል፣ ተሳቢዋ ቤትና ሦስተኛው ጥያቄ

ጎረቤቷ ኤልዶን ሲደርስ የማርዴል ሞየን ቀኝ እግር እስከ ጉልበቱ ወለሉ ውስጥ ሰጥሞ ነበር። በመኪና የምትጎተተው የድሮ ተሳቢ ቤት በግቢው መሐል በአራት ግንድ ላይ ቆማለች፤ ማርዴል ደግሞ በተሳቢዋ መሐል ቆማለች፣ ግማሽ አካሏ ከወለሉ በላይ፣ ግማሹ ከወለሉ በታች። ኤልዶን እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ በበሩ በኩል ብቅ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወለሉ በስብሷል መሰለኝ» አለ።

«ይመስልሃል?»

«እኔ ብሆን ከመርገጤ በፊት በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጌ አየው ነበር።»

«አንተ ብትሆን ኖሮማ ቤትህ ቁጭ ብለህ ቡናህን ትጠጣ ነበር። አሁን እጅህን ከኪስህ አውጣና ሳበኝ!»

ኤልዶን ሳባት። ሱሪዋ ተቀደደ፣ ቅልጥሟ ተላጠ፣ ከቀዳዳው ውስጥም አንዲት አይጥ ብቅ ብላ ሁለቱንም ገረመመቻቸውና ተመልሳ ገባች። ማርዴል መዶሻውን አንስታ ወደ ሣሩ ወረወረችው። ባለፈው ሳምንት ጣራውን ስትከፍት ግድግዳው ረጥቦ አገኘች። ግድግዳውን ስትፈታ የኤሌክትሪክ ሽቦው በአይጥ ተበልቷል። አሁን ደግሞ ወለሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው።

ማርዴል ሰባ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለነዳች፣ በዚያች ትንሽ የሚኒሶታ ከተማ ዕድሜው ከሃምሳ በታች የሆነ ሰው ሁሉ በአውቶቡሱ መስታወት ውስጥ ያፈጠጡ ዓይኖቿን ያውቃል። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ የላትም። ያለቻት በስምንት ዓመት የምትበልጣት እህቷ ኢኔዝ ናት። ኢኔዝ ከተማው ዳር ባለው የአረጋውያን መኖሪያ፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ በሚያይ ክፍል ውስጥ ትኖራለች።

ተሳቢዋን የገዛው አባታቸው ነው። ያኔ ማርዴል ስድስት፣ ኢኔዝ አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። በየበጋው ወደ ሐይቁ ይጎትታታል፤ ከእናታቸው ጋር አራቱም በዚያች ጠባብ ነገር ውስጥ እንደ ሰርዲን ተደርድረው ይተኛሉ። አባታቸው ሲሞት በአጎታቸው እርሻ ጀርባ፣ አሮጌ ማረሻና የተሰበረ ማጨጃ በሚጣልበት ዛፍ ሥር ተገትራ ቀረች። አርባ ዓመት እዚያ ስትቆም አይጥና ሽኮኮ ወረሷት።

ባለፈው የበረዶ ወቅት ኢኔዝ በመስኮቷ ወደ ውጭ እያየች፣ «የዚያች ተሳቢ እንጨት ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ» አለች። ይህን ካለች በኋላ ነውር እንዳወራች ሁሉ ደንግጣ ስለ በረዶው መጠን ማውራት ጀመረች። ኢኔዝን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጮሆ እንደመለመን ነው። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ማርዴልን ኮሪደር ላይ አስቁሞ፣ የእህትሽ ልብ ደክሟል፣ ሌላ በጋ የምታይ አይመስለኝም አላት። ማርዴል ከዚያ በቀጥታ ወደ አጎቷ እርሻ ነድታ ተሳቢዋን ወደ ግቢዋ ጎትታ አመጣቻት። ዘንድሮ፣ በረዶው ሳይመለስ፣ ኢኔዝ አንድ ሌሊት ሐይቁ ዳር ተሳቢዋ ውስጥ ማደር አለባት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

እንግዲህ እግሯ ወለሉን የበሳ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቅልጥሟን ጠቅልላ ኢኔዝ ዘንድ ሄደች። ኢኔዝ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«ተሳቢዋ ስታልቅ ወደ ሐይቁ እወስድሻለሁ። ትመጫለሽ?» አለች ማርዴል፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ኧረ ተይ፣ ለኔ ብለሽ አትድከሚ።»

«እንደፈለግሽ!» አለችና ስለ ዝናቡ አወራች። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ሄደች።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ሰው ጠባይ መናገር ግድ ነው። ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፣ እንደ ሰላምታ ነው። ሁለተኛ ሲጠየቅ «ኧረ አታስቸግሩ» ይላል። ሦስተኛ ሲጠየቅ «እንግዲህ ካላችሁ፣ ትንሽ ብቻ» ይልና ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ ይበላል። እንደኛ «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ የለም፤ ይጠይቃሉ፣ ይቆጥራሉ፣ በሦስተኛው ይለያል። አንዴ ጠይቆ ያቆመ ሰው እንዳልጠየቀ ይቆጠራል፤ እንዲያውም «አትምጣ» እንዳለ። ማርዴል ይህን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ሴት ናት። ግን ያን ዕለት ቆሽቷ አርሮ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ወለሉ በበሰበሰ ኢኔዝ ተቀጣች።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ስታዞር ጥፋቷ ገባት። ተመልሳ እንዳትጠይቅ ደግሞ፣ ልቅሶ ደርሶ ከወጡ በኋላ የተረሳ ማጽናኛ ለመናገር እንደመመለስ ሆነባት፤ የከንፈር መምጠጥ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰበች። ተሳቢዋን እንደ አዲስ አድርጋ፣ እስክታብረቀርቅ ወልውላ፣ የኢኔዝ መስኮት ሥር ታቆማታለች፤ ያን አይታ እምቢ የምትል ሰው የለችም። ሞኝነት ነበር፤ ግን ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን በዚህ ሞኝነት ላይ አጠፋች።

የዚያ አገር በጋ በኛ ክረምት ነው፤ እንዴት ያለ በጋም ነበር! ወለሉን በአዲስ ኮምፔንሳቶ ሠራች፤ ልኩን ስታስገባ በአንድ ጣት አነሰ፤ እንደገና ቆረጠች። ጎማዎቹን ቀየረች፤ የአንዱ ብሎን ዝጎ ቁልፉን ሰበረው። ጣራው ከላይኛው አልጋ በላይ ያፈስ ነበር። አሸገችው፣ አፈሰሰ። ፈትታ እንደገና አሸገችው፣ በሌላ በኩል አፈሰሰ። ኤልዶን በየጠዋቱ ይመጣል፤ አንድም ቀን መዶሻ ሳይነካ «እኔ ብሆን...» ብሎ ይጀምራል።

ከሁሉም ያበሳጫት ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ውጪው ነው፤ የአልሙኒየሙን ቆርቆሮ ማርዴል ሰባት ዓመቷ እያለ የወረደ የበረዶ ጠጠር አሰርጉዶት፣ መላ አካሉ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል። ሌላው የጠረጴዛው እንጨት ነው። ኢኔዝ በልጅነቷ የጋለ ድስት አስቀምጣበት ክብ ጠባሳ አውጥታበታለች፤ አባታቸውም ሁለት ቀን አኩርፏት ነበር። ማርዴል ያንን ጠባሳ ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችው። ጠባሳው ወይ ፍንክች!

«ጠረጴዛውን ጥለሽ አዲስ አስገቢበት» አለ ኤልዶን። «ቆርቆሮውንም ቀይሪው። ማን ያውቅብሻል?»

ማርዴል ቀና ብላ ውስጡን አየችው። በርች የተባለው የግድግዳው እንጨት ሲገዛ ነጣ ያለ ነበር፤ አሁን ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ጠቁሮና ለስልሶ የማር መልክ ይዟል። ያን መልክ በየትኛውም ቫርኒሽ አታገኘውም፤ ዕድሜ ብቻ ነው የሚቀባው። ይህን ማመኗ ራሱ አናደዳት። አዲሱን ጠረጴዛና አዲሱን ቆርቆሮ ቀድሞውኑ አስመጥታ ጋራዥ ውስጥ አቁማዋለች።

«ነገ እቀይረዋለሁ» አለች። እንዲህ ስትል ግን አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ዓርብ፣ የአረጋውያን መኖሪያው ሠራተኛ ጆሊን ወደ ግቢው ገባች። ጆሊን በልጅነቷ አውቶቡሱ ላይ ማስቲካ ወንበር ሥር ለጥፋ ተይዛ ስለነበር፣ አሁንም ማርዴል ፊት ስትቆም ትንተባተባለች።

«ማርዴል፣ አይቆጡኝና... የኢኔዝን ቦርሳ ነገር ልነግርዎት ነው።»

«የምን ቦርሳ?»

«የሐይቁን። ከሰኔ ጀምሮ አልጋዋ ሥር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። በየዓርቡ አስወጥታ የሌሊት ልብሷን በአዲስ ታስለውጠኛለች። ዛሬ ግን ቦርሳውን ፈትተሽ መልሽው አለችኝ። ‹ማርዴል ሥራ በዝቶባታል፤ አንዴ ነው የጠየቀችኝ› አለች።» ጆሊን መሬት መሬት አየች። «ሰሞኑን ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ነርሷም ብትጎበኙዋት ብላለች።»

ማርዴል ደሟ ፈላ። መጀመሪያ የተናደደችው በኢኔዝ ነው፤ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ቦርሳ ሸክፎ «እመጣለሁ» ማለት ያቅተዋል? ቀጥሎ በኤልዶን ተናደደች፣ እንዲሁ በቅርብ ስለነበር። ከዚያ በኋላ የቀረችው ራሷ ብቻ ነበረች፤ ቁጭ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ያ ሁሉ ፍተጋ፣ ያ ሁሉ ማሸግ፣ አንዲት ጥያቄ ደግሞ ላለመጠየቅ ነበር።

ተነሣች። «ኤልዶን፣ ክሪኩን አምጣ።»

«በሩ እኮ መቀርቀሪያ የለውም። የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ነው። ጣራውም...»

«ኤልዶን!»

ኤልዶን ክሪኩን አመጣ፤ በዚያ በጋ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ሥራ ነካ። በሩን በገመድ አሰሩ፤ ተሳቢዋን ከፒካፑ ጋር አያያዙ። ማርዴል ቀለም የነካው ሱሪዋን እንኳ ሳትቀይር ከተማውን አቋርጣ፣ ኢኔዝ መስኮት ሥር፣ ለአምቡላንስ በተከለለው ቦታ ላይ አቆመች። አዲሱ ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። ከነስርጉዷ፣ ከነገመዷ ነው የመጣችው።

ኢኔዝ ወንበሯ ላይ ነበረች። ቀጥናለች፤ ሹራቡ ጭኗ ላይ ነው፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም። በመስኮቱ አይታለች፣ እንዳላየች ሆነች።

«ኢኔዝ፣ ወደ ሐይቁ እንሂድ» አለች ማርዴል በሩ ላይ ቆማ።

«ኧረ እኔን ይዘሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሸክም ነኝ። ሌላ ሰው ውሰጂበት።»

ይህ ሁለተኛው ነው። ማርዴል ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ሦስተኛው ላይ እምቢ ካለች ነገሩ አበቃ፤ ከሦስተኛው በኋላ መለመን በነሱ ዘንድ ሰውን ማዋረድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በበረዶ ላይ አውቶቡስ ስትነዳ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

«ሰኔ ላይ አንዴ ጠይቄሽ ተውኩ» አለች። «በወለሉ ተናድጄ ነበር። ቀሪዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ዕዳዬ ናቸው። አሁን ሦስተኛውን ነው የምጠይቅሽ። ትመጫለሽ?»

ኢኔዝ መርፌዎቹን ሰብስባ የክሩ ኳስ ላይ ሰካቻቸው። ቀስ ብላ ነው፤ ማርዴልን በጭንቀት ልትገድላት ነበር።

«እንግዲህ አንቺ መሄድሽ ካልቀረ» አለች በመጨረሻ፣ «እዚህ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?»

ጆሊን ያልፈታችውን ቦርሳ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። «ሰኞ ይመልሷታል አይደል?» አለች፤ ማርዴል ራሷን ነቀነቀች።

ተሳቢዋ ውስጥ ስትገባ ኢኔዝ በሩ ላይ ቆመችና ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ሳበች። ከዚያ በጣቷ ጠረጴዛውን ዳሰሰች፤ ክቡን ጠባሳ እስክታገኝ ድረስ።

«አልቀየርሽውም» አለች።

«ልቀይረው ነበር። ሦስት ቀን ፈትጌዋለሁ።»

«አባባም ፈትጎታል። ሰው የሌለ ሲመስለው።»

ሐይቁ ዳር ሁለት ቀን አሳለፉ። ኢኔዝ የቡናውን ማንቆርቆሪያ ሁልጊዜ ጠባሳው ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ ታስቀምጠዋለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣና ጣራው እንደልማዱ ላይኛው አልጋ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ማርዴል ተሳደበች። ኢኔዝ ግን ሳል እስኪይዛት ድረስ ሳቀች። «እዚያው ቦታ! እኔ ላይ ነበር የሚያፈሰው!» አለችና ድስቱን ከየት እንደምታነሣ እያወቀች አንሥታ ሰጠቻት።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ማርዴል ዕቃውን መሸከፍ ጀመረች። ኢኔዝ ሐይቁን እያየች በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ትከሻዋ ላይ ሹራብ ጣል አድርጋ። ማርዴል ብርድ ልብሱን እያጠፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እንዲያው ለወጉ ጠየቀቻት፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ከወዲሁ አፏ ላይ አዘጋጅታለች።

«ለጆሊን ልደውልላት እችላለሁ። አንድ ቀን እንጨምር ይሆን?»

«እንጨምር» አለች ኢኔዝ።

ማርዴል ብርድ ልብሱን እንደያዘች ቆመች። በሰባ ዓመቷ፣ በዚያ አገር፣ በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ያለ ሰው ሰምታ አታውቅም። ሦስት ጊዜ የሚጠየቅ ሰው ጊዜ ያለው ነው። ዞር ብላ እህቷን ለማየት አልደፈረችም፤ ብርድ ልብሱን ዘረጋችና አልጋው ላይ መልሳ አነጠፈችው።