የአባቴ የግራ እግር ካልሲ

ያልደረቀ ካልሲ ከሸተተኝ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስጣላ ነው የምውለው፤ ቦዳ ሞተር ላይ ተሳፍሬ እንኳን ያ ሽታ ከመጣ አለቀልኝ፣ ወዲያው ንቲንዳ ሰፈር የተከራየነው ግቢ ውስጥ ነኝ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እኔስ ከዚያ በኋላ መች ተመለስኩ።

ታክሲ ስለተከለከለ አባቴ ኪኩቦ ገበያ ያለው ሱቃችን ድረስ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለስ ነበር፣ ሲገባም በሳፋ እግሩን ይታጠባል። የግቢው ባለቤት ማማ ሞሪን፣ አየርላንድ ተወልዳ ለማስተማር መጥታ እዚሁ ያረጀች ሴትዮ፣ በረንዳዋ ላይ ሆና ታየን ነበር። በአገሯ የእግር እጣቢ ቤት ውስጥ ካደረ ለማይታዩት በር ይከፍታል ትለን ነበር፤ ሲደፋም «ዞር በሉ» ተብሎ ነው። እናቴም ጂን እንዳይነካ ቢስሚላህ ብላ ነበር የምትደፋው፣ በዚህ ተግባብተው ይሳሳቁ ነበር። እኔ አልተመቸኝም። የኛ ሳፋ ምን አገባት?

ዝናቡ ሲበረታ እህቴን ሐያትን ጉሮሮዋን አመማት። ያኔ ሳል ከተሰማ ጎረቤት ስለሚሸሽ ደብቀን ያዝናት፣ ማማ ሞሪን ግን ሰምታ መጣችና አባቴ የዋለበትን የግራ እግር ካልሲ፣ ሳይታጠብ፣ ተረከዙን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ አሰረችላት፤ የራሷ እናት ልጆቿን እንዲህ ነበር አሉ የምታድናቸው። አባቴ «የኔን ካልሲ የሚችል በሽታ የለም» ብሎ ሳቀ።

ለምን ግራ? ለምን ያልታጠበ? ጎህ ሲቀድ ከአንገቷ ፈትቼ ሽንት ቤት ጨመርኩት።

ሐያት ቀለላት። አባቴ ካልሲውን ፈልጎ አጣው፣ ሌላው ደግሞ በዝናቡ አልደረቀም፣ ስለዚህ ግራ እግሩን ባዶውን ጫማ ውስጥ ከትቶ ኪኩቦ ደርሶ ሲመለስ ተረከዙ ተልጦ ነበር፤ አመርቅዞ ሳምንት አስተኛው። እናቴ በጨው ውሃ እያጠበችለት «ሰው ያደረገውን የሚወስድ ለደግ አይወስድም፤ ካልሲውን ሞሪን ናት የወሰደችው፣ መተት ሠርታበታለች» አለች። ማማ ሞሪን ቅጠል በኮምጣጤ ነክራ ብታመጣ በር አልከፈተችላትም። ኋላ የጨው ውሃውን የደፋሁት እኔ ነበርኩ።

በጋ ሲገባ ቤቱን ለቀቅን። ሳፋውን ይዤ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነበርኩ፣ ማማ ሞሪን ከበረንዳዋ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ሳፋውን ራሴ ላይ ደፍቼ አለፍኳት።

እናቴ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ካልሲ የሰረቀችውን ፈረንጅ ታወራለች፣ አባቴ ተረከዙን እያከከ ያዳምጣል፣ እኔም እግሬን አያለሁ። ያኔ ሰው ሁሉ ተንኮለኛ ይመስለኝ ነበር፣ አሁንም ይመስለኛል። ከሥራ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ግን ውሃው አያድርም፤ አወጣውና ቢስሚላህ እላለሁ፣ ቀጥዬም፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ዞር በሉ» እላለሁ።