ያልወጣሁት የፋሲል ደረጃ

ጋምቤላ ከተማ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የጀመርኩት በሱፍ ኮት ነው። በዕጣ የደረሰኝ ምደባ ነበር። እኔ የሸዋ ደገኛ ነኝ፤ መምህር ያለ ኮት መምህር አይደለም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። የዩኒት መሪው ከላይ እስከ ታች አየኝና "ብርድ ብርድ ይልሃል እንዴ? ወባ እንዳይሆን" አለኝ። ጠመኔ፣ ማጥፊያና የስም መጥሪያ አስታቅፎ ወደ ዘጠነኛ ቢ ሸኘኝ።

የዕለቱ ትምህርት የጎንደር ዘመን ነበር። የፋሲልን ግንብ ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። አራት ጎተራ ያለው የገበሬ ግቢ መሰለ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ስሟ አቻላ ነው።

"ቲቸር፣ አንተ ሄደህ አይተኸዋል?"

እዚህ አገር ለመምህርም "አንተ" ነው፤ ንቀት የለበትም። ያን ቀን ግን ደነገጥኩ። ላቤ እስከ ካልሲዬ ወርዷል። "አላየሁም" ብል አርባ ደቂቃው የማያልቅ መሰለኝ።

"አዎ፣ አይቻለሁ" አልኩ።

ጎንደርን ማየት ቀርቶ ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም ነበር።

"ደረጃው ስንት ነው?" አለች ደግማ።

"አርባ አራት" አልኩ። አርባ አራቱ የጎንደር ታቦት ሲባል ስሰማ ስላደግኩ ምላሴ ላይ የመጣው እሱ ነው። ከዚያ አልፌ "እያንዳንዱ ደረጃ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው" ብዬ አሳመርኩት። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። አሰመሩበትም።

በሁለተኛው ዓመት ደረጃዎቹን ፈተና ላይ አወጣኋቸው። ባዶ ቦታ ሙላ፣ ቁጥር ሰባት። ብዙዎቹ ሞሉት። ከምርጫ ጥያቄዎቹ ሁሉ የበለጠ ውጤት የተገኘበት እሱ ነበር፤ እኔም ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ጊዜ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። እኔ ግንቡ አናት ላይ ቆሜ ነፋሱ ባርኔጣዬን እንዴት ሊወስደው እንደነበር በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁ። ሰውዬው ቅጹ ላይ "መምህሩ የግል ልምዱን ከትምህርቱ ጋር ያዛምዳል" ብሎ ጻፈልኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር ደረስኩ። ደረጃ በደረጃ ማለት የእኔ ነገር ነው።

አቻላ አድጋ፣ ተምራ፣ የታሪክ መምህር ሆና ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለሰች። ኋላም የዲፓርትመንት ተጠሪ፣ ማለትም አለቃዬ ሆነች። አንድ ቀን በእሷ ክፍል መስኮት አጠገብ ሳልፍ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ "አርባ አራት!" ሲሉ ሰማሁ። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ጡረታ ስወጣ መምህራኑ ምሳ ጋበዙኝ። ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ "ቲቸር ሁልጊዜ የሚያወራልን ጎንደር ናፍቆታል። እንደገና እንዲያየው አዋጥተን ጉዞ አዘጋጅተናል" አለ። አጨበጨቡ። "አቻላ አብራው ሄዳ ደረጃውን ሲወጣ ለተማሪዎቻችን ትቀርጻለች" ሲል ጨመረ። የጎረስኩት ዓሣ አጥንት የተሰነቀረብኝ ይመስል ሳልኩ። እንባዬ ሲመጣ የደስታ መስሏቸው አንጀታቸው ተላወሰ።

ከጋምቤላ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን ሄድን። በነጋታው ከሆቴላችን ስንወጣ አቻላ አስጎብኚ እንፈልግ አለች።

"እኔ እያለሁ?" አልኩ።

ፊት ፊት እየሄድኩ መራኋት። ግንቡን በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፍርሃት ግን ዓይን ይጋርዳል። ፒያሳ ላይ አንድ ትልቅ ያረጀ ሕንጻ ሳይ ቆምኩና "ይኸው! አፄ ፋሲል ይህን ሲያሠሩ…" ብዬ ጀመርኩ። አቻላ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። ጥላ የያዙ አንዲት እናት አጠገባችን ቆመው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የጣሊያን ሥራ ነው። ፋሲል በወዲያ በኩል ነው።"

"ከተማው በጣም ተለውጧል" አልኩ።

"ፋሲል እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አቻላ መቅረጿን አቆመች።

የፋሲል ግቢ በር ላይ አስጎብኚ ያዝን። ጨዋ ሰው ነው፤ "ጋሼ፣ እርስዎ ካወቁት እኔ አጭር አደርገዋለሁ" አለኝ። ግንቡ ፊት ስደርስ ግን አውቃለሁ ማለቴን ረሳሁት። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ስፋቱን፣ የድንጋዩን መልክ፣ ሰማዩን ይዞ መቆሙን አንድም ጊዜ ለተማሪ ተናግሬው አላውቅም። የማወራው ስለ ደረጃ ብቻ ነበር።

አቻላ ደረጃውን ጮክ ብላ እየቆጠረች ወጣች። እኔ ፊት ፊቷ ነኝ፤ ስልኳ ጀርባዬን ይቀርጻል። ከላይ ስንደርስ አስጎብኚው "ከዚህ በላይ ለጎብኚ ዝግ ነው" አለ። ቆጠራዋ የቆመበትን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ ቁጥር ጽፌ ያየሁት ይበቃኛል። አርባ አራት ግን አልነበረም።

"ቲቸር፣ የላይኛው ሲጨመር ይሆን የሚሞላው?" አለችኝ።

አስጎብኚውም ሊያግዘኝ ብሎ "ግንቡ ብዙ ጊዜ ተጠግኗል፤ ድሮ ሌላ ደረጃ ኖሮ ይሆናል" አለ።

ሁለት ማምለጫ ተከፈተልኝ። "ልክ ነው፣ ድሮ ነበር" ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የአቻላን ፊት አየሁ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልክ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን መልስ ትጠብቃለች።

"አቻላ፣ እኔ እዚህ መጥቼ አላውቅም" አልኩ።

"ምን ማለት ነው?"

"ከዚህ ጉዞ በፊት ጎንደርን አላየሁም። አርባ አራቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩን ቀስ ብላ አወረደችው። አስጎብኚው ወደ ሌላ ግንብ ፊቱን አዞረ።

"አምና ፈተና ላይ አንድ ልጅ 'መጽሐፉ ላይ የለም' ብሎ ባዶ ተወው" አለች። "ኤክስ አደረግኩበት። 'እኔን ያስተማረኝ ሰው ራሱ ወጥቶ ቆጥሮታል' ብዬ ክፍል ፊት አቁሜ ተቆጣሁት። ልጁ ልክ ነበር!"

ሳቄ አመለጠኝ፤ የሐፍረት ሳቅ ነው። እሷ አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት በትልልቅ ዓይኖቻቸው ሁሉም ያዩኛል፤ አቻላ ብቻ አታየኝም። ስንወጣ ቅጥሩ አጠገብ ጥላ ስር ተቀመጠችና ማስታወሻዋን አወጣች።

"ሌላስ ምን ፈጥረሃል?"

ነገርኳት። ባርኔጣዬን። በፋሲል መዋኛ ውኃ ፊቴን መታጠቤን። የአንበሶቹን ቤት ዘበኛ፣ "የኔታ" እያለ ያስጎበኘኝን፣ ከነጢሙ። እየቆጠረች ጻፈች። ከአርባ አራቱ ደረጃና ከቤተ ክርስቲያኖቹ ጋር አምስት ሆነ።

"ስድስተኛውን እኔ ልንገርህ" አለች። "ባሮ።"

"ስለ ባሮ ምን ዋሸሁ?"

"አልዋሸህም፤ አላስተማርከንም። ከሱዳን የሚመጣው መርከብ ሲራገፍ አባቴ በልጅነቱ አይቷል። ወደቡ ከክፍላችን በእግር ይደረሳል። አንተ ማታ ማታ እዚያ ዳርቻ ነፋስ ትቀበል ነበር። አንድ ቀን ወስደኸን ታውቃለህ?"

ያላየሁትን ሳስተምር በየቀኑ የማየውን ዘልዬው ነበር።

ጋምቤላ እንደተመለስን አቻላ የልጁ ነጥብ እንዲስተካከል ጻፈች፤ ክፍሉ ፊትም ይቅርታ ጠየቀችው። እኔም አንድ ክፍለ ጊዜ ለምኜ ገባሁና ለተማሪዎቹ ሁሉንም ተናገርኩ። ሳቁ። እስከ ደወሉ ሳቁ። እጁን ያወጣ አንድ ብቻ ነው፤ የጠየቀውም በዚህ ጥያቄ የወደቀው ታላቅ ወንድሙ ነጥቡ ይመለስለት እንደሆነ ነው።

በሳምንቱ ክፍሉን ይዘን ባሮ ዳርቻ ወረድን። የአቻላ አባት በርጩማ ላይ ተቀምጠው በአኙዋክኛ አወሩ፤ እሷ አስተረጎመች። መርከቡ የሚታሰርበትን ቦታ በከዘራቸው አሳዩ። እኔ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆሜ እጽፋለሁ። አንዲት ተማሪ መርከቡ ላይ ወጥተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች።

"አልወጣሁም" አሉ ሽማግሌው። "ከዳር ቆሜ ነው ያየሁት። ውስጡን አላውቅም።"

አንድም ተማሪ አልተነሣም። እሳቸውም ወሬያቸውን ቀጠሉ።

አዲስ ለምትመደቡ መምህራን የምለው ይህን ነው፦ ተማሪ ሲጠይቃችሁ ያላያችሁትን "አላየሁም" በሉ። ክፍሉ አይበተንም።