የተኛው ጂን

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማሩን የባዮሎጂ መምህር ከምሥራቅ ጀርመን ተምረው የተመለሱ ወጣት ነበሩ። መጽሐፋችን ውስጥ የሌለውን ሁሉ ይነግሩናል። የዓይናችንም የቆዳችንም ሴል አንድ ዓይነት ጂን እንደሚይዝ፣ ዓይን ውስጥ የሚሠራው ግን ቆዳ ውስጥ ዝም ብሎ እንደሚተኛ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ጂን ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ግልባጩ ይወጣል፤ ከዚያ መሀል መሀሉ ተቆርጦ ይጣልና የቀረው ይቀጣጠላል። ይህን ሲያስረዱን በጠመኔ የሳሉትን መስመር በጣታቸው እየቆራረጡ ያጠፉ ነበር። አንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ግልባጩን ብቻ ሳይሆን ራሱን ጂኑን ቆርጠው፣ አዟዙረው ይገጥሙታል፤ ሰውነታችን አይቶት የማያውቀውን ጀርም እንኳ የሚከላከለው በዚህ ነው አሉን።

ይህን ስሰማ እናቴን አሰብኳት። በልጅነቷ ሥጋ ደዌ ይዟት ከጎጃም ለሕክምና አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል መጣች። ድና እዚያው ሰፈር ቀረች፤ ጣቶቿ ግን አልተረፉም። ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ስትሰለፍ ከፊቷም ከኋላዋም ያለው ሰው ይሸሻታል። ትምህርት ቤት ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የምኖረው አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ አክስቴ ጋ እንደሆነ ነበር የምናገረው።

ባንዲራ ሲሰቀል እያረፈድኩ ስላስቸገርኩ ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አክስቴ ታማ ስለነበር እናቴ እጆቿን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። የሥነ ሥርዓት ኃላፊው ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ ክንዷን ሰጠችው።

«ምነው እናት፣ እጅዎን ነፈጉኝ?» አለና እየሳቀ ነጠላውን ገለጥ አደረገው።

ሳቁ ጠፋ። እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ዴስክ የምጋራት፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ዳቦ እየገመስን የበላን ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ቆማ ታይ ነበር።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ደብተሯን ሰብስባ ኋላ ሄዳ ተቀምጣለች። መምህሩ እንደገቡ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጂን ሳይሠራ ተኝቶ ይቆያል ብለውናል አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የቆማጣ ልጅ አሁን ጤነኛ ብትመስልም ውስጧ ተኝቷል ማለት ነው። አንድ ቀን ይነሳባታል።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«በፍጹም። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በዘር አይወረስም። በመድኃኒት ይድናል» አሉ መምህሩ። ሰሌዳው ላይ «ባክቴሪያ» ብለው ጽፈው አሰመሩበት። ነገሩ ያለቀ መሰለኝና ተነፈስኩ።

«እሺ ቲቸር፣ እናቷ ቤት ሄደው ይበላሉ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ እኔን አዩኝ፤ ጠመኔያቸውን አዩ። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው «ወደ ትምህርታችን እንመለስ» አሉ።

ስንወጣ በረንዳ ላይ ጠበቁኝ። «አይዞሽ፤ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ።»

«‹አዎ፣ እበላለሁ› ቢሉ ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

 መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ወደ መምህራን ክፍል ሄዱ።

ቤት ስገባ እናቴ ትምህርት ቤት ምን እንዳሉኝ ጠየቀችኝ። ላጽናናት ብዬ ከጂኑ ጀምሬ እስከ ባክቴሪያው ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን የሰማችው አንዱን ብቻ ነው።

«ተኝቶ ይቆያል አሉ መምህርሽ?»

«የሚተኛው ጂን ነው፣ እማዬ። ያንቺ በሽታ ጂን አይደለም።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አለችና ተነሳች። አልጋችን አንድ ነበር። ከአልጋው ሥር የነበረውን የሣር ፍራሽ በክንዶቿ መሀል ይዛ እየጎተተች በሩ ሥር አነጠፈችው። እግሯ ላይ ወድቄ ብለምናት አልሰማችኝም። ያከሟት ነርስ ቤት ድረስ መጥተው አስረዷት፤ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችና ወደ ፍራሿ ተመለሰች።

ማትሪክ አልፌ አለማያ ተመደብኩ። የምሄድ ቀን ጠዋት ሻንጣዬን በክንዷ አንጠልጥላ ፌርማታ ድረስ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ ልስማት ጎንበስ አልኩ። ወደ ኋላ ሸሸች።

«ተይ፣ ሰው ያያል» አለችኝ።

ፌርማታው ላይ ከሁለታችን ሌላ ማንም አልነበረም።