የስኳሩ ፋይል ባለቤት

ጠሂራ በሽር በተቀበረች በማግስቱ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ጣሰው ለቅሶ ቤት መጣ። በአንቱታ ልጽፍለት ሞክሬ እጄ እምቢ ብሎኛል፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ከጭድ ተራ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ ወደተተከለው ድንኳን ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ከአባቷ ከጋሽ በሽር አጠገብ ተቀመጠ፤ አንገቱን ደፍቶ «እንዲህ ያለች ታማኝ ሠራተኛ ከእንግዲህ አናገኝም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ። የመጣው የሟቿን የኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ፍለጋ ነበር።

እኔ ከሴቶቹ ጋር፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ከእናቷ ከእትዬ ጀሚላ ጎን ተቀምጬ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። የሰማሁት ለምን እንዳንገበገበኝ ለማስረዳት ጠሂራ ማን እንደነበረች መናገር አለብኝ።

እኔ የድርጅቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ታሪክ ነው፤ ከታሪክ የተረፈኝ አንድ ልማድ ቢኖር ማን ወሰደ፣ መቼ ወሰደ፣ ማን መለሰ ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ ልማዴ ምክንያት ሥራ ቦታ የሚወደኝ ሰው ብዙ አይደለም። ጠሂራ ግን ወደደችኝ፤ እሷም እንደኔ ነበረችና።

አባቷ ከደሴ መጥቶ ወደ ሲኒማ ራስ በሚያወጣው መንገድ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነው። ከሱቁ በተረፈ ቁራጭ የተሰፋ ሻሽ በየቀኑ እየቀያየረች ታስር ነበር። ምላሷ ስለታም፣ ሳቋ ከደረጃው ሥር የሚሰማ፣ ጥፍሯን ቀለም የምትቀባ ልጅ ነበረች። ድርጅታችን ለየቀበሌው ሱቅ ስኳርና ዘይት ያከፋፍላል፤ እሷም የተቀጠረችው ታይፒስት ሆና ነው። በ1979 ዓ.ም. ኮምፒዩተሩ ከነተርሚናሎቹ፣ ማለትም ከነስክሪንና ኪቦርዶቹ፣ በእርዳታ ሲመጣልን ሥልጠና እንድትሄድ የተመረጠችበት ምክንያት ቀላል ነበር። ቁልፍ መምታት የጸሐፊ ሥራ ነው እያሉ ወንዶቹ ሁሉ ተጠየፉት።

ስትመለስ አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደላት ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ፋይል አንጻር መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ የባለቤቱ ስም ይታያል። ፈቃዱን ለመቀየር ሲኤችሞድ የሚባለውን ትዕዛዝ ጽፎ ሦስት ቁጥር ማስከተል ነው።

«ምኑ ይከብዳል እትዬ ሸዋ?» አለችኝ። «የአባዬ ሱቅ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር አባዬ፣ ሁለተኛው ሱቁ ውስጥ የቆሙት ሻጮች፣ ሦስተኛው በመንገድ የሚያልፈው ሰው። አራት ማለት ማየት ነው። ሁለት ማለት መቁረጥ ነው። አባዬ ያያል፣ ይቆርጣል፤ አራትና ሁለት ስድስት። ሻጮቹ ጨርቁን ያያሉ፣ ያሳያሉ፤ መቀሱን ግን አባዬ ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ አራት። መንገደኛው በሩ ተዘግቶበታል፤ ዜሮ። ስድስት መቶ አርባ።»

«ከአራትና ከሁለት ሌላስ? «አንድ» የሚባል ቁጥርም አለ አላልሽኝም?»

«አንድ ለሚሠራ ፕሮግራም ነው። ስኳር ደግሞ አይሠራም፤ ይበላል እንጂ።»

የየቀበሌው የስኳር ድርሻ የሚመዘገብበትን ፋይል የፈጠረችው እሷ ስለነበረች ባለቤቱ እሷ ሆነች። ፈቃዱም ስድስት መቶ አርባ ነበር። እኔና የሒሳብ ክፍሎቹ እናነባለን፤ የምትጽፈው እሷ ብቻ ናት። ከባለቤቱም በላይ የሆነ አንድ ስም ደግሞ አለ፤ የዚያን ስም የይለፍ ቃል የያዘ ሰው የማንንም ፋይል ይከፍታል፣ ይዘጋል። የበላዩ ቃል እንለው ነበር። እሱን የያዘው ጣሰው ነው። ጣሰው ግን ኪቦርድ መንካት ስለሚያሳፍረው ለሒሳብ ሠራተኛው ለዘውገ ነግሮት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መጋዘናችን ቁልፍ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። የስኳሩ መጋዘን ቁልፍ ከዘበኛው በርጩማ በላይ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። በማንም ስም አይደለም። ድሮ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረን፤ ስኳር ጎደለ ተብሎ ሲታሰር ሁሉም አንድ ነገር ተማረ፦ የሚታሰረው ቁልፉን የያዘ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን የሚይዝ ጠፋ። ምስማሩ ያዘው። ምስማር አይታሰርም።

ታዲያ ዘውገ አንድ ቀን በራሱ ስም ገብቶ ፋይሉ ላይ ሊጽፍ ሲሞክር ማሽኑ በእንግሊዝኛ «ፈቃድ የለህም» አለው። ተቆጥቶ ለጣሰው ከሰሳት። ነገሩ በየሳምንቱ ለሚደረገው የሠራተኞች የረቡዕ ውይይት ቀረበ።

«ጓድ ጠሂራ ስኳሩን በግል ይዛዋለች» አለ ጣሰው። «ፋይሉ ለሁሉም ይከፈት። ሁሉም ይይ፣ ሁሉም ይጻፍ። ኃላፊነቱ የጋራ ይሁን።»

«ለሁሉም መቀስ ልስጥ ማለት ነው?» አለች።

«ምን?»

«ስድስት ስድስት ስድስት ማለትዎ ነው። እሺ። ግን የባለቤቱ ስም የእኔ እንደሆነ ይቀራል። ሁሉም የሚጽፍበት ከሆነ ስሜን አንሡልኝ። በበላዩ ቃል ይቻላል።»

ዘውገ ሳቀ። «ባለቤት የሚባል ነገር በ67 ቀርቷል እኮ ጓድ! አልሰማሽም?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እጅ አውጡ ተባለ፤ ሁሉም እጅ ወጣ፤ የእኔና የእሷ ብቻ ጭናችን ላይ ቀረ። እዚያው ተርሚናሉ ዘንድ ሄደን፣ እነሱ ከኋላዋ ቆመው እያዩ፣ ትዕዛዙን ጻፈች። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሁላችሁም ጨርቅ ቆራጮች ሆናችኋል» አለች ተነሥታ። ስሟ ግን በፋይሉ አንጻር እንደተጻፈ ቀረ።

የ1980 ረመዳን ገባ። ለአንድ ቀበሌ የታዘዘው የረመዳን ስኳር ሳይደርስ ቀረ። እናቶች ጆንያና ኩፖናቸውን ይዘው በራችን ላይ ጮኹ። ፋይሉ ሲታይ ቀበሌው ድርሻውን እንደወሰደ ይላል። አልወሰደም። አንድ እጅ ገብቶ ጽፎታል፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን ለሁሉም የተከፈተ ፋይል አይናገርም።

መርማሪ መጣ። ዝርዝሩን አሳትሞ አየው። በስኳሩ ፋይል አንጻር ያለው ስም አንድ ብቻ ነው። ወሰዳት።

የዚያን ቀን ያየሁትን የሰው ፊት አልረሳም። ጣሰው «ፋይሉ የእሷ ነው፤ ስሟ አለበት» አለ። ዘውገ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። «ማን ነው ይከፈት ያለው?» ሲባሉ «ኮሚቴው» አሉ። «ኮሚቴው ማን ነው?» ሲባሉ አንዱ ሌላውን አየ። እጃቸውን ሲያወጡ አይቻቸዋለሁ፤ አንዱ እንዲያውም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር ያወጣው። አሁን እጁ ኪሱ ውስጥ ገብታለች። ያን ኪስ ሳይ እንደ ገማ ሥጋ አስጠላኝ።

ለመርማሪው አስረዳሁ። «ባለቤት ማለት መጨረሻ የጻፈ ማለት አይደለም። ሁሉም ሊጽፍበት ይችላል።»

«ታዲያ ማን ጻፈ?»

«ማወቅ አይቻልም።»

«እንግዲያው የሚታወቀው ስም ይበቃናል» አለኝ። በመዝገብ ዕድሜዬ እንደዚያ የከፋ ዓረፍተ ነገር አልሰማሁም።

ጠሂራ ጾሟን ጣቢያ ሆና ጾመች። እትዬ ጀሚላ ማፍጠሪያ በሳህን አድርጋ በጨርቅ ጠቅልላ በየቀኑ ትወስዳለች። ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። የታሰሩት ሴቶች ብዙ ስለሆኑ ፍራሽ አልደረሳትም። ሳሏ የጀመራት እዚያ ነው።

ከዚያ ጣሰው ራሱ ጠፍሮ ያሰራትን ገመድ ራሱ በጠሰው። ሊያድናት አይደለም፤ ስለፈራ ነው። ሌላ ስኳር ቢጎድል ወደ እሱ እንዳይመጣ ፈርቶ ዘውገን «በቃ፣ ለሁሉም ዝጋው» አለው። ዘውገም በበላዩ ቃል ገብቶ ሦስት ዜሮ ጻፈ። ጠዋት እንደልማዴ ፋይሉን ላነብ ስል ማሽኑ ከለከለኝ። ዝርዝሩን አየሁት፤ የፈቃዱ ፊደላት በሙሉ ጠፍተው በሰረዝ ተተክተዋል።

ወደ ጣቢያው ሄድኩ።

«እርስዎ ጋ ያለውን የታተመ ዝርዝር ያውጡልኝ» አልኩት መርማሪውን። አወጣው። «እዚህ ላይ ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ይጽፋል ይላል። ዛሬ ደግሞ ተዘግቷል። ፈቃድ መቀየር የሚችለው ወይ ባለቤቱ ነው ወይ የበላዩን ቃል የያዘ ሰው ነው። ባለቤቷ በእርስዎ እጅ ናት። ትላንት ማን ዘጋው? በእሷ ስም ያለውን ሌላ እጅ ይነካዋል ማለት ነው።»

ወረቀቱን ብዙ አየው። ሰውየው ደደብ አልነበረም፤ ይኼ ነው የባሰው። «እትዬ፣ ይህን ባያመጡ ኖሮ እኮ ጉዳዩ አልቆ ነበር» አለኝ፣ ራት ላይ ጠጠር እንደነከሰ ሰው።

በዒድ ማግስት ፈቷት። ጣሰውን ጠየቁት፤ የበላዩን ቃል ማን ያውቃል ሲሉት «ኮሚቴው» አለ። ጉዳዩ እዚያው ሞተ።

ጠሂራ ወደ ሥራ እንድትመለስ ግለ ሂስ እንድታደርግ ተጠየቀች። ከስታ፣ ሻሿ ግን እንደወትሮው ደምቆ፣ በረቡዕ ውይይት ፊት ቆመች። «ጥፋቴ እናንተን መስማቴ ነው» አለች።

«ይሄ ግለ ሂስ አይደለም፤ ሂስ ነው» አለ ጣሰው።

«እንግዲያው ግማሹን ተቀበሉኝ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር ምረጡ። ወይ ስሜን ከፋይሉ አንሡልኝ፣ ወይ መቀሱን ለእኔ ብቻ ስጡኝ።»

«ስምሽ ይነሣና የማን ይግባ?» አለ ጣሰው፤ ዞር ብሎም ዘውገን አየው።

«እኔ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ» አለ ዘውገ።

«እርስዎስ ጓድ ጣሰው?» አለች።

«የእኔማ አመራር ነው።»

ሌሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ ጫማውን ያስር ጀመር። በ67 የቀረው ባለቤትነት ያን ዕለት ተመልሶ መጥቶ በየበሩ ቢያንኳኳ የሚያስገባው አጣ። በመጨረሻ በእሷ ስም ይቆይ ተባለ፤ መቀሱም ለእሷ። ጣሰው የመርማሪው ጥያቄ አልለቀቀውምና «የበላዩንም ቃል አንቺ ቀይሪው፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ አላውቀውም» አላት። ቁልፉን ከምስማሩ አውርዶ አንገቷ ላይ አንጠለጠለው ማለት ነው። እዚያው ቁጭ ብላ ስድስት መቶ አርባ ጻፈች።

እየሳለች ሁለት ዓመት ሠራች። ሆስፒታል ስትተኛ ባለፈው ሚያዝያ በእኔ በኩል መልእክት ልካለች፦ የሚረከበኝ ሰው ላኩ፣ የእኔንም የበላዩንም ቃል በምስክር ፊት ላስረክብ። ለጣሰው ሁለት ጊዜ ነገርኩት። «ስትድን እንረከባለን» አለኝ። የሚፈርም አጥቶ ነው። ግንቦት ላይ ሞተች።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ ልመለስ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ስኳርና ፋይሉ ላይ ያለው ስኳር አልተገናኙም። ጣሰው ፋይሉን ማንበብ ይችላል። የሚፈልገው መጻፍ ነው። ባለሙያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ማስመጣትም ይችል ነበር፤ ባለሙያው ግን ኦዲተር አስከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የሟች እጅ ፍለጋ ለቅሶ ቤት መጣ።

«ጋሽ በሽር፣ ለመንግሥት ሥራ ነው» አለ። «አንዲት ቃል ናት። ምናልባት ለቤተሰብ ነግራ ከሆነ…»

ጋሽ በሽር የሙስባሃውን ዶቃ መቁጠር አቆመ። «ጨርቅ ስሸጥ ነው ያረጀሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ሻጮቼ ሌቦች አልነበሩም፣ አላህ ያውቃል። መቀሴን ግን ሰጥቻቸው አላውቅም። ልጄም ይህን ከእኔ ነው ያየችው። አልነገረችንም። ብትነግረንም አልሰጥህም።»

«ገብቶኛል። ግን እሷ አሁን የለችም…»

እትዬ ጀሚላ መጋረጃውን በእጇ ገለጠችው። «አለች እንጂ! ስሟ እዚያው አይደለም እንዴ? ስታስሯት የእሷ ነው ብላችሁ የለም? የእሷ ከሆነ የእሷ ነው። ለቀስተኛ አይከፋፈለውም። ቃል ከፈለግህ ሂድና ኮሚቴህን ሰብስበህ ጠይቅ!»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን በሻሿ ያዘች። ጣሰው ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣም። ሩዝ ቀርቦለት ነበርና እሱን በልቶ ጨረሰ፤ ጣቶቹን ጠረገ፤ «ያጽናችሁ» ብሎ ሄደ።

ሰኔ መጨረሻ ኦዲተሮች መጡ። ፋይሉን አነበቡ፤ ማንበብ ተፈቅዷል። መጋዘኑን ቆጠሩ፤ ፋይሉ አለ የሚለው ስኳር ሁሉ እዚያ የለም። የጎደለው ስኳር ጠሂራ ከጻፈችው ጋር ሲነጻጸር ማን ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ቃል ፍለጋ ለቅሶ ቤት ድረስ የመጣውን ማየት ይበቃል። ግን ማን ላይ እንደሚያርፍ እስካሁን አልተወሰነም፤ ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍም ከምስማሩ አልወረደም።