አካፋ አምጡልኝ

በስደት በምኖርበት በካምዎክያ ሰፈር፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ቤት ዛሬ ጠዋት በዝናብ ተደረመሰ። የጭቃው ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ወሎ ወሰደኝ።

ያን ክረምት ተራራው ተንዶ ቤታችንን ሲውጠው እህቴ ዘይነባ ውስጥ ነበረች። ጎረቤቱ እንደ ወጉ ለቅሶ ደረሰ። ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበው ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው መጡ። እማ ብቻ ጥፍሯ እስኪደማ ጭቃውን ትቧጥጣለች።

«የአላህ ውሳኔ ነው ዘሀራ፤ በቃ ተቀመጪ» አሏት አጎቴ።

«ማን ሞተና ነው የምታለቅሱት? አካፋ አምጡልኝ!» ብላ ጮኸች።

ያበደች መስሎኝ ፈራኋት። ሰዉ መቆፈር የጀመረው አልቅሶ ሲጨርስ ነው።

ዛሬ እዚህም ሰዉ ፍርስራሹን ከቦ ያለቅሳል፤ ከስር ሰው አለ። አካፋዬን ይዤ ሮጥኩ።

ያኔ ዘይነባን ሲያወጧት ሞታለች፤ እጇ ግን ገና ይሞቅ ነበር።