መርዶ የሸሸች እናት

ሰቆጣ ዙሪያ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ሽማግሌዎች ከነፍስ አባት ጋር ደጃፍ ይቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አይሆንም። ይታየሽ የምትባል እናት ይህን ስለምታውቅ ከወር በላይ ዶሮ ሳይጮህ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ምንጭ ስትወጣ ከረመች። ሽማግሌዎቹ ሦስቴ መጥተው ባዶ ቤት አግኝተዋል።

ደግሰው የሚባለው ልጇ ሶማሊያ የዘመተ ወታደር ነው። እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። መጨረሻ ሲደውል ድምፁ ሌላ ሆነባት።

«እማ፣ አሸባሪ አለበት ተብለን አንድ ቤት ሰብረን ገባን። የምንፈልገው ሰው የለም። አንዲት አሮጊት ልጇን ታቅፋ አገኘኋት፤ በእኛ ጥይት ነው የሞተው። ቋንቋዋ አይገባኝም፤ ለቅሶዋ ግን ያው የእናት ለቅሶ ነው።»

ነገም ሌላ አሰሳ አለብን አለና ተሰናበታት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝም አለ። ገበያ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። ሰው ሳታማ ውላ የማታውቀው ተዋበች እንኳ ስታያት አቀርቅራ ታልፋለች። የተዋበች አፍ ከተዘጋማ ነገሩ አብቅቶለታል።

አወቀች እንጂ አልሰማችም። እስካልሰማች ድረስ ልጇ አለ። ምንጩ ዳር ተቀምጣ ትናፍቀዋለች። የእግሩን ጭቃ ሳያራግፍ ሲገባ ስንቴ ተቆጥታዋለች! አሁን እንኳን ጭቃውን፣ የእርሻውን አፈር ሁሉ ተሸክሞ በገባላት።

አንድ ቀን ከምንጭ ስትመለስ ምራቷን የትናየትን በረት ውስጥ አገኘቻት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። እናት መርዶ ሳትሰማ ሚስት ድምፅ አታሰማም፤ ወጉ ነው። ፍትሐትም አይደረግም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ልጄ?» አለቻት ይታየሽ።

«ሠላሳ ስምንት ቀኑ። አርባው ያለ ጸሎት ሊያልፍበት ነው፣ እናቴ። ተደብቄ የማለቅሰው እርስዎን ፈርቼ ነው።»

ለካ እሷ ስትሸሽ ልጇ ያለ ጸሎት፣ ምራቷ ያለ ለቅሶ ከርመዋል። ይታየሽ በራሷ አፈረች። የዚያኑ ዕለት ለነፍስ አባቷ ለቄስ ኪዳኑ «ነገ ከቤት አልወጣም» ብላ ላከችላቸው።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ቄስ ኪዳኑ ደጃፉ ላይ ቆመው ጀመሩ።

«ልጄ ይታየሽ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ…»

«ሞቱን አውቀዋለሁ፣ አባቴ። በሰው አገር ማን ቀበረው? እሱን ይንገሩኝ።»

 ለሽማግሌዎቹም ያን የነገራቸው ሰው አልነበረም።