አርባ ሁለት ስም ለዓሣ ነባሪዎች

ደግ ነገር ለመሥራት ተነሥታችሁ፣ ደግነቱ ሩቅ አገር ደርሶ ጉዳቱ ግን የቅርብ ሰው ቤት የገባበት ጊዜ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ናዝሬት ውስጥ በሳይንስ አስተማሪነት ከተመደብኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ነገር በቅደም ተከተል ካልተነገረ አይገባም ብዬ የማምን ሰው ስለሆንኩ ከመነሻው እጀምራለሁ።

መነሻው ምስማር ነው። ክፍል ውስጥ ሰንጠረዥ የምሰቅልበት ምስማር ከገበያ ገዛሁና ባለሱቁ ከፈረንጅ መጽሔት በተገነጠለ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው፣ ወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ የጎማ ጀልባ በአንድ ግዙፍ መርከብና በአንድ ዓሣ ነባሪ መካከል ገብታለች። መርከቡ አዳኝ ነው። ጀልባዋ ላይ ያሉት ሰዎች መሣሪያ አልያዙም፤ ዝም ብለው መሀል ገብተዋል። ከሥሩ የባሕር እንስሳትን ለመጠበቅ የተቋቋመ የአንድ ማኅበር አድራሻ ነበር። በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሰጥቼ ጻፍኩላቸው።

ከወራት በኋላ ወፍራም ፖስታ መጣ። ውስጡ የነበረውን ሁሉ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩ፤ ለተማሪዎቼም አስረዳሁ። እንዲህ ያሉ ማኅበራት በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ የባሕር ኤሊ እንቁላሏን የምትቀብርበትን አሸዋ በየተራ ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ ከመርከብ የፈሰሰ ዘይት የነካቸውን ወፎች አንድ በአንድ በሳሙና ያጥባሉ። ሌሎቹ ደግሞ በዓሣ መረብ ውስጥ አብሮ ተይዞ የሚሞተውን ፍጥረት እየቆጠሩ መንግሥታትን ይሞግታሉ። የገረመኝ መርከባቸው አልነበረም። ለማይበሉት፣ ለማይሸጡት፣ ብዙዎቹም በዓይናቸው አይተውት ለማያውቁት እንስሳ ብለው ስብሰባ መቀመጣቸው ነው። እኛም በዚያ ዘመን ስብሰባ ሞልቶን ነበር፤ እንዲህ ያለው ግን አልነበረንም።

የስምንተኛ ክፍል ልጆቼ ባሕር አይተው አያውቁም። ባሕር ማለት ለእነሱ አሰብ ነው፤ ከሞጆ መጥተው ከተማችንን አቋርጠው ወደ ወለንጪቲ የሚወጡት ተሳቢ መኪናዎች የሚደርሱበት ቦታ። ስለዚህ ዓሣ ነባሪን በተሳቢ ለካሁላቸው። ሜዳ አውጥቼ አቧራው ላይ በእግር አስቆጠርኳቸው፤ የተሳቢው ርዝመት አልቆ የዓሣ ነባሪው ገና ሲቀጥል አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ዓሣ ተብሎ ቢጠራም ዓሣ እንዳልሆነ፣ በሳንባ እንደሚተነፍስ፣ ወልዶ ጡት እንደሚያጠባ ነገርኳቸው።

"ቲቸር፣ ታዲያ ዓሣ ነባሪ የጾም ነው የፍስክ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ጡት ካጠባማ የፍስክ ነው!" አለ ጓደኛው።

"አንተ ደግሞ ሽሮ ሳይተርፍህ በዓሣ ነባሪ ልትገድፍ አማረህ?" አለችው አንዲት ልጅ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ይህችን ልጅ ልብ በሉልኝ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። እናቷ በአንድ ሆቴል አንሶላ እያጠቡ የቀረቻቸውን እሷን ያስተምሩ ነበር። በሰኔ ሚኒስትሪ ልትፈተን ነው፤ አልፋ ነርስ መሆን ነበር ሐሳቧ።

በዚያ ዓመት ከማኅበሩ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ። መንግሥታት ስለ ዓሣ ነባሪ አደን ሊመክሩ ስለሆነ፣ አደኑ ይቁም የሚሉ ልጆችን ስም ከየአገሩ እየሰበሰብን ነው ይላል። የጠየቁት ስምና ዕድሜ ብቻ ነበር። እኔ ግን ሥራ ከሠራሁ አይቀር አሟልቼ ልሥራ አልኩ። ወረቀቱን በማስመሪያ አሰመርኩ፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ያኔ የምንሞላው ቅጽ ሁሉ እንዲህ ስለነበር ሌላ ዓይነት ዝርዝር መኖሩም አልታየኝም። አርባ ሁለት ልጆች በደስታ ፈረሙ። እሷ ከመፈረሟም በላይ ከዝርዝሩ ጋር የሚላከውን ሥዕል ሣለች፤ ተሳቢ መኪናና ዓሣ ነባሪ ጎን ለጎን።

በአገራችን ደግሞ ማኅተም የሌለው ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጠርም። ዳይሬክተሩ የልጆቹ አድራሻ ስላለበት ቀበሌ ያረጋግጠው አሉኝ። ዝርዝሩን በታይፕ አስመትቼ፣ ሦስት ቅጂ አድርጌ፣ በየቅጂው ልጆቹን አስፈርሜ፣ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው አነበበና ቀና አለ።

"ጓድ መምህር፣ ዓሣ? ናዝሬት ላይ?"

"እንዲያውም ዓሣ አይደለም፤ ጡት አጥቢ..."

"የአዋሽ አዞስ? እሱ ዘመድ የለውም? ለእሱም ፊርማ ሰብስብለት እንጂ!"

እየሳቀ ሦስቱንም ማኅተም መታልኝ። ሁለቱን ሰጠኝ፤ ሦስተኛውን "ይቺ ለፋይል" ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተ። ደስ አለኝ። ሥራ በሥርዓት ሲሠራ እንዲህ ነው እያልኩ በቀጥታ ፖስታ ቤት ሄጄ አንዱን ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን በዕረፍት ሰዓት የልጅቷ እናት መጡ። ከሥራ ነው የመጡት፤ እጃቸው በሳሙና ተሸብሽቦ ነጭ ሆኗል።

"አሻም፣ አስተማሪ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ። "ልጄ ፈርማለች አሉኝ።"

"አዎ እናቴ፣ ሥዕሉንም የሣለችው እሷ ናት። ሊኮሩባት ይገባል።"

"ቀበሌም ገብቷል አሉ።"

"ለማኅተም ነው" አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ማኅበራቱን አስረዳሁ፣ አደኑን አስረዳሁ፣ ዓሣ ነባሪ በስንት ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ እንደሚወልድ አስረዳሁ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ቆመው አዳመጡኝ።

"ገባኝ" አሉ ስጨርስ። "እሱም ነፍስ ነው፤ ይዳን። የእሷን ስም ግን ያውጡልኝ።"

"እናቴ፣ ይህ እኮ ፖለቲካ አይደለም።"

"ወንድሟንም የመዘገቡት ለኳስ ነው። የቤት ቁጥር ጻፉ። ኋላ በዚያው ቁጥር መጡ።"

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አንዱ ቅጂ መላኩን፣ ቀበሌ ባለውም ላይ ስም ቢሰረዝ ስርዝ ድልዝ እንደሚኖረው፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ደግሞ ተቀባይነት እንደማይኖረው ነገርኳቸው። እስቲ ያስቡበትም አልኳቸው። "እሺ ልጄ" ብለው ሄዱ። ያሳመንኳቸው መሰለኝ። እንዲህ ያሉ ሰው ሙግታቸውን ሳይጨርሱ "እሺ" ካሉ መስማማታቸው እንዳልሆነ፣ ከእኔ ምንም እንደማይጠብቁ መወሰናቸው እንደሆነ ማወቅ የሚገባኝ ሰው ነበርኩ። ያደግሁት በዚሁ አገር ነው።

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ወለንጪቲ አጠገብ ገጠር አክስቷ ዘንድ እንደሄደች ጓደኛዋ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ስላልነበረኝ ቀበሌ ሮጥኩ።

"ከዚያ ዝርዝር አንድ ስም እንዲወጣ ፈልጌ ነበር" አልኩት ጸሐፊውን።

"ገቢ ሆኗል እኮ። የማን?"

ስሟን ነገርኩት። ፋይሉን አወጣ፣ በጣቱ እየተከተለ ወረደና ስሟ ላይ ቆመ። አሁን አይስቅም።

"ለምን ትወጣለች? ምን አላት?"

"ምንም። ምንም የላትም። እንዲሁ... ይቅር፣ ተወው።"

"አይ፣ ምክንያት ካለ ንገረኝ።"

"የለም አልኩህ እኮ" ብዬ ወጣሁ። ጣቱ ግን እዚያው ስሟ ላይ ነበር።

ቢያንስ መጣሬን ይወቁልኝ ብዬ ወደ እናቷ ቤት ሄድኩ። ያደረግሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የሚያጣጥፉት ልብስ ከእጃቸው ወደቀ።

"የእሷን ለይተው ጠየቁ?"

"እንዲያወጡላት ብዬ..."

"እስካሁን ከልጆቹ መሀል አትታይም ነበር፣ አስተማሪ። አሁን ስሟን አወቁት።"

እኔን ክፉ አልተናገሩኝም፤ ውሃ እንኳ ልስጥዎ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው ግን ያን ፋይል የያዘ ሰው ወዳለበት ከተማ እንደማትመለስ ቆርጠው ነገሩኝ።

ፈተናው ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወለንጪቲ ወረድኩ፤ እያጠያየቅሁ አክስቷ ቤት ደረስኩ። የመፈተኛ ካርዷን ይዤላት ነበር። በሁለት እጇ ተቀብላ ፎቶግራፏን አየችና መልሳ ሰጠችኝ።

"እማዬ ቀን ቀን አንሶላ ታጥባለች፤ ማታ ደግሞ በር በር ስታይ ታነጋለች፣ ቲቸር። እኔ ከሌለሁ ትተኛለች።"

"ፈተናው እኮ ጥቂት ቀን ነው" አልኳት።

"ለእርስዎ ጥቂት ነው" አለችኝ።

ሰኔ አልፎ፣ ክረምቱም አልፎ፣ በጥር ዳሯት። ሠርጉ ላይ አልተጠራሁም፤ ብጠራም እንዴት ብዬ እሄድ ነበር?

ያ የቀበሌ ወረቀት ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ከመሳቢያው ወጥቶ ማንንም አላስጠየቀም። አርባ አንዱ ልጆች ተፈትነው ያለፈው አለፈ፣ የወደቀው ወደቀ። ግን ይህን የምለው ዛሬ ነው። እናቷ ያኔ ሊያውቁ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስም የተጻፈበት ወረቀት አንድ ጊዜ በራቸውን አንኳኩቷል።

ከጋብቻዋ በኋላ ከማኅበሩ ጥቅል መጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ በእጅ የተጻፈበት፣ የዓሣ ነባሪ ሥዕል ያለበት ካርድ ልከዋል። ደብዳቤው አክብሮት የተሞላ ነው፤ ተሳቢ መኪናዋ ያለችበትን ሥዕል ጽሕፈት ቤታቸው ግድግዳ ላይ እንደሰቀሉት ጽፈዋል። በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ሊያድኑ የተነሡትን ለማዳን ጥረዋል፣ የቤት ቁጥርም አልጠየቁም። ካርዶቹን አደልኩ። የእሷን ለእናቷ ወሰድኩላቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አዩት።

"ዓሣው ዳነ ወይ?" አሉኝ።

"መንግሥታቱ አደኑ እንዲቆም ከስምምነት ደርሰዋል ይላል።"

"እሰይ" አሉ ከልባቸው። "እነሱስ ጠያቂ አገኙ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ስምምነቱ አስረዳ ነበር። ያን ቀን ተነሥቼ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

አንባቢዬ፣ ይህን ያነበባችሁ አስተማሪም ብትሆኑ፣ የእድር ጸሐፊም ብትሆኑ፣ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ነገ ለመልካም ሥራ የስም ዝርዝር ስታዘጋጁ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ከዝርዝሩ የአንዱን ሰው ቤት ሂዱና ልጻፍ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሲመልሱላችሁ ምንም አታስረዱ፤ እስኪጨርሱ ስሙ። አይሆንም ካሉ መስመሩን ባዶ ተዉት። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት።